ዮጋና አዩርቬዳ፦ ሕክምና ናቸው ወይስ አምልኮ?



በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያርም ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በውኃ ውስጥ ይውላል። ማታ ወገቡን ይዞ ሲገባ የሚያውቃቸው መፍትሔዎች ጥቂት ናቸው፤ የጤና ጣቢያ ክኒን፣ የወጌሻ መታሸት፣ አለዚያም በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የወንዛዬ ፍል ውኃ። አሁን አራተኛ መጥቷል። ልጁ ስልኩን ከፍቶ “አባዬ፣ ዮጋ ሥራ፣ ለወገብ ፍቱን ነው” ይለዋል። ውጭ አገር ያለች እኅቱ ደግሞ “የአዩርቬዳ ነው” ብላ በላስቲክ የታሸገ ዱቄት ትልክለታለች። ይህ ሰው በጌታ ያመነ ከሆነ ለወንድሞች ይጠይቃል። አንዱ “የአጋንንት ሥራ ነው፣ እንዳትነካው” ይለዋል፤ ሌላው “ስፖርት አይደለም እንዴ፣ ምን አለበት?” ይለዋል። ሁለቱም መልሶች ነገሩን ሳይመረምሩ የተሰጡ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ዮጋ ምንድን ነው?

ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን ትርጉሙ መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው፤ ገበሬ በሬዎቹን በቀንበር እንደሚያጣምር። ፓታንጃሊ በተባለው መምህር ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ ዮጋን በስምንት ክፍሎች ያስተምራል። ዛሬ በቪዲዮ የምናየው የሰውነት አቀማመጥ፣ “አሳና” የሚባለው፣ ከስምንቱ ሦስተኛው ብቻ ነው። አራተኛው “ፕራናያማ” ነው፤ ትንፋሽን መግዛት። ቀጥሎ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ መትከል ይመጣል፤ የመጨረሻውም ነፍስ ከመወለድና ከመሞት ዙሪት ወደ መውጣት የሚያደርሳት “ሳማዲ” ነው። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ራስን ለ“ኢሽቫራ”፣ ማለትም ለጌታ፣ አሳልፎ መስጠት ተጽፏል። እንግዲህ ይህ የወገብ ሕክምና ሳይሆን የመዳን ትምህርት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሃታ ዮጋ መመሪያ መጽሐፍም ሲጀምር ለሺቫ ሰላምታ ያቀርባል።

በሂንዱ አማኝ ቤት ይህ ሁሉ አንድ ነው። ማለዳ ወደ ፀሐይ ዞሮ “ሱርያ ናማስካር” የሚሠራ ሰው ሰውነቱን ያፍታታል፤ ብዙ ጊዜም በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የፀሐይን አምላክ ስሞች ይጠራል። “ሶሃም” እያለ የሚተነፍስም አለ፤ ትርጉሙ “እኔ እርሱ ነኝ” ማለት ነው።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚደጋገም አንድ ስሕተት ላርም። “ዮጋ አእምሮን ባዶ ያደርጋል፣ ባዶ ቤት ውስጥ ደግሞ ጋኔን ይገባል” ሲባል እንሰማለን። ትምህርቱ ግን የሚለው አእምሮን ጸጥ አድርጎ በአንድ ነገር ላይ መትከል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ የሚተከለው በማን ላይ ነው? የሚለው ነው። ሰውን ባላመነው ነገር ብንከስሰው ወንጌልን ለመስማት ጆሮውን አይሰጠንም።

ታዲያ ሕክምና የሆነው መቼ ነው?

በጣም በቅርቡ ነው። ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ስለ ሂንዱ እምነት ሲናገር ለአሳና ብዙም ዋጋ አይሰጥም ነበር። ስዋሚ ኩቫላያናንዳ እ.ኤ.አ. በ1924 በሎናቫላ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም መሥርቶ ዮጋን በሳይንስ መሣሪያ መመርመር ጀመረ። በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ክሪሽናማቻርያ ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር፤ አንዳንድ የታሪክ ምሁራን የዛሬው የዮጋ እንቅስቃሴ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ጂምናስቲክም ብዙ ወስዷል ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን የዓለም የዮጋ ቀን አድርጎ ሰየመ፤ በአዲስ አበባም የሕንድ ኤምባሲ ቀኑን አክብሯል። ለቆየ የወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከሌላ እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚያሰኝ ግን አላገኙም።

አዩርቬዳ ደግሞ “የሕይወት እውቀት” ማለት ነው። ሰውነት ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ሚዛን ይኖራል ብሎ ያስተምራል። ሂንዱዎች የሕክምናው ባለቤት ዳንቫንታሪ የቪሽኑ መገለጥ ነው ብለው ያምናሉ፤ ከዲዋሊ በዓል ቀደም ብሎም ይታሰባል። የጥንቱ የቻራካ መጽሐፍ ሕክምናን በሦስት ይከፍላል፦ በማንትራ፣ በመሥዋዕትና በክታብ የሚደረገው፤ በምግብና በመድኃኒት የሚደረገው፤ አእምሮን በመግዛት የሚደረገው። የጥንቶቹ ሕንዶች ራሳቸው ቅጠሉንና ክታቡን ለይተው ጽፈዋል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው?

አይደለም። አያቶቻችን ዳማከሴና ጤና አዳም ያውቁ ነበር፤ ለኮሶ ትል ኮሶ ይጠጡ ነበር። ደብተራው ግን ቅጠሉን ሲሰጥ ክታብም ይጨምራል፤ ክታቡም በአንገት ይታሰራል። ጌታን ስንቀበል ክታቡን በጥሰን ጣልን፤ ዳማከሴውን ግን ከጓሮ አልነቀልንም። ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስተምረን የቻራካን መጽሐፍ ክፍፍል በተግባር ፈጽመነዋል! ወባ ሲይዘን የምንውጠው ኮአርተም እንኳ ከቻይና ባህላዊ መድኃኒት የመጣ ነው፤ ቱ ዩዩ የተባለች ሳይንቲስት ከጥንት መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ ቅጠሉን መርምራ አርቴሚሲኒንን አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ክኒኑን ስንውጥ የቻይና አማልክትን አንጠራም።

ንጉሡ ሕዝቅያስ በዚህ ነገር ጥሩ መምህር ነው። በ2ኛ ነገሥት 18፥4 ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሰባበረ። እባቡ በምድረ በዳ የተነደፉት አይተውት የዳኑበት ነበር፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ያጥኑለት ጀመር። ያው ሰው በምዕራፍ 20 ለሞት በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም እንደሚያድነው ነገረው፤ ከዚያም ኢሳይያስ ያዘዘው የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ ተደረገ። የሚታጠንለትን ሰበረ፣ በለሱን ግን አልናቀም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳትመረምሩ ብሉ ይላል፤ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑን የነገራችሁ ካለ ግን ስለ እርሱ ሕሊና ተዉት ይላል፤ በአጋንንት ማዕድ መካፈልንም ፈጽሞ ይከለክላል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ጉልበትን ማጠፍ፣ ወገብን ማፍታታት፣ በረጅሙ መተንፈስ የገበያ ሥጋ ነው። ማንትራ መጥራት፣ ለፀሐይ መስገድ፣ “እኔ እርሱ ነኝ” ማለት ማዕድ ነው። በአጠገብዎ ከሂንዱ እምነት ወይም ከመናፍስት አሠራር የወጣ ወንድም ካለና ያ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ የሚጎትተው ከሆነ፣ ስለ እርሱ ይተዉት፤ ወገብን የሚያፍታታ ሌላ ብዙ እንቅስቃሴ አለ።

በፎገራ የደረሰውን አንርሳ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ወገብ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው የሚፈጀው በሽታ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ይባል ነበር። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከመ የሚተርፍ እምብዛም የለም። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እስከ 2000 ዓ.ም. ካከማቸው ግን ከመቶ የሞቱት ከአራት ያነሱ ነበሩ። ስሙ ራሱ የሂንዲ ነው፣ “ጥቁር ትኩሳት”። ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካልካታ ከአንቲሞኒ የሠራው መድኃኒት በዚያ አገር እጅግ ብዙ ሰው አድኗል፤ ለረጅም ዘመን በእኛም አገር ለዚህ በሽታ ይሰጥ የነበረው መርፌ ከዚያው ወገን ነው።

እንዲህ ዓይነት በሽታ ጊዜ አይሰጥም። በዮጋም ይሁን በክታብ፣ በጠበልም ይሁን በእኛ የጸሎት ፕሮግራም የዘገየ ሰው ይሞታል። ሌላውን ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን እንይ፤ “ተፈውሰሃል፣ ክኒኑን ጣል” የተባለላቸው መድረኮች በመካከላችን ነበሩ፣ አሁንም አሉ። የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ከእኛ መጋቢዎች መካከል ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር ስንት አለ? እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል፤ የተፈወሰ ሰው ደግሞ ቢመረመር ምንም አይጎድልበትም።

ስለዚያ በላስቲክ ስለታሸገው ዱቄት አንድ ነገር ልጨምር። በአዩርቬዳ ሆን ተብሎ ብረታ ብረት የሚጨመርባቸው መድኃኒቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በተለይ ይጎዳል። ስለዚህ ላስቲኩን ሳይከፍቱ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለም ከእርሱ ጋር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱና ያሳዩ። ምን እንዳለበት የሚነግርዎ ካልተገኘ አይቅመሱት፤ እኅትዎንም “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለተኛ ግን አትላኪ” ይበሏት።