ዛፍ በዋልካ ምድር

በሰሜን ሸዋ ከደነባ ወደ እነዋሪ ከተማ የሚወስደው መንገድ ዓይን በሚያደክም ሜዳ መካከል ያልፋል። ግራና ቀኙ እንደ ወቅቱ ስንዴ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ባቄላና ምስር ነው፣ ጓያ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ዛፍ ካለ ሥሩ ወይ ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ መንደር አለ። እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ ወረዳ ገበሬ መሬቱን ለእህል ሰጥቶታል፤ ዛፍ የቀረው ሰው በሚኖርበትና ሰው በሚጸልይበት ቦታ ነው። እናም እነዋሪ ላይ የዛፍ ነገር ከተነሳ የሚነሳው በጓሮው፣ በአጥሩ ጥግና በመንገዱ ዳር የቆመው የሰፈር ዛፍ ነው።

ስለ ሰፈር ዛፍ ጥቅም ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ጥላ ነው። ይህ ለድሬዳዋና ለመተሐራ ሰው እውነት ነው። እነዋሪ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ማለዳ ማለዳ ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ደግሞ ነፋሱ ያንን ሁሉ ሜዳ ያለ ከልካይ አቋርጦ ይመጣል። የደጋ ሰው ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ከፀሐይ አይሸሽም። እዚህ አገር የዛፍ የመጀመሪያ ሥራው ነፋስ መስበር ነው።

ነፋስ የሚሰበርበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ድፍን ግንብ ነፋስን ያቆማል ተብሎ ይታሰባል፤ ነፋሱ ግን ግንቡን ዘሎ ከጀርባው እየተሽከረከረ ይወርዳል። የዛፍ ረድፍ በቅጠሉና በቅርንጫፉ መካከል ጥቂቱን እያሳለፈ የቀረውን ኃይል ያደክመዋል። በዚህ የተነሳ የአንድ ረድፍ መከታ ከቁመቱ እስከ 10 እጥፍ በሚደርስ ርቀት ይሰማል፤ 8 ሜትር ከፍታ ያላቸው ዛፎች ከኋላቸው እስከ 80 ሜትር ያለውን ይጠብቃሉ። 80 ሜትር ማለት የተካዩን ግቢ አልፎ የጎረቤቱን፣ አንዳንዴም የጎረቤቱን ጎረቤት ግቢ ነው። በሰፈር ውስጥ የአንዱ ድካም ለሌላው በነፃ የሚደርስበት እንዲህ ያለ ነገር ብዙ የለም።

አንድ እንከን ግን አለ። በደጋ ከተሞቻችን አጥር ላይ በብዛት የሚታየው ባሕር ዛፍ ሲያድግ ታችኛው ግንዱ ራቁቱን ይቀራል። ነፋሱ በላይ ሲከለከል በታች በግንዶቹ መካከል ይሾልካል፤ አንዳንዴ ከሜዳው ነፋስ ይብሳል። ረድፉ መከታ የሚሆነው ከሥሩ ቁጥቋጦ ሲኖረው ነው። ቀጋ፣ ግራዋ፣ ክትክታ፣ የተገኘው ይሁን። ድሮ አያቶቻችን አጥራቸውን በእሾህና በቁጥቋጦ ሲያጥሩ ስለ ነፋስ አስበው ይሁን ስለ ጅብ እንጃ፤ ውጤቱ ግን ለሁለቱም ሆኖላቸዋል።

ውርጩንም ቢሆን ዛፍ ይቀንሰዋል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች፤ የዛፍ ቅጠል በላይዋ ካለ ከሙቀቱ ከፊሉ ወደ ታች ይመለሳል። ከዛፍ ሥር ያደረ ጎመን ባዶ ሜዳ ላይ ካደረው ያነሰ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

የእነዋሪ ዛፍ ትልቁ ጥቅም ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከግቢው ውጭ ማሳው ላይ የሚታየው ነው። ጅሩ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ሰንጋው ነው፤ ቤት ታስሮ፣ በእጅ እየበላ፣ እየታሸ የሚደልበው የጅሩ ሰንጋ በአዲስ አበባ የበዓል ገበያ ስሙን ጠርተው የሚገዙት ነው። ከብት ባለበት እበት አለ። እበቱም በገለባ ታሽቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ለክረምት እንዲደርስ ይከመራል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ የእንጀራ ምጣድ የሚግለው በኩበት ነው። መሬቱ ሊበላው የሚገባው ነገር በየቀኑ ጢስ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ኬኔት ኒውኮም የተባለ ባለሙያ በ1984 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባንክ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጥናት የተከራከረው በዚሁ ላይ ነው። ደን ሲያልቅ እበት ይነዳል፣ እበት ሲነድ ምርት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለማገዶ የሚተከል ዛፍ የሚመዘነው በእንጨቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ወደ ማሳ በሚመልሰው እበት ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ በኩንታል እየተገዛ ሲመጣ፣ የማዳበሪያውም ዋጋ ሲንር፣ ክርክሩ ይበልጥ ጠነከረ እንጂ አልከሰመም። በጓሮ ያለ ዛፍ የሚጥለው ጭራሮና ቅጠል፣ በዓመት አንዴ የሚመለመለው ቅርንጫፍ፣ አንድ የእንጀራ ቀን ኩበት ካተረፈ ያ ኩበት ለስንዴው ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባውም በማገዶ ችግር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለእሳት እየተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ የገባው የአውስትራሊያው ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። እነዋሪን ጨምሮ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ሁሉ አጣና፣ ማገርና ቋሚ የሚያገኙት ከዚሁ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን መስደብ ቀላል ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ምንም አያበቅልም፣ የጎረቤትን ጎመን ያደርቃል። ስድቡ እውነት አለው። ነገር ግን የሰደበውም ቤቱን የሠራው በእሱ ነው።

ወደ ተከላው ስንመጣ የእነዋሪ አፈር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ቀይ አፈር ላይ እንደሚደረገው ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማስገባት እዚህ ዛፉን ገንዳ ውስጥ እንደ መዝፈቅ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከዚያ የተረፈውን ሥር የጥር ስንጥቅ ይበጥሰዋል። ሰው ግን ጥፋቱን ወደ ችግኙ ያዞራል።

መፍትሔውን የሚያውቀው ራሱ የአገሬው ገበሬ ነው። የእነዋሪ አካባቢ ሰው ማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መካከል ውሃ መውረጃ ቦይ ይተዋል፤ በዚህ ሥራ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ይውላሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ኢልካ በሚል ምህጻር ይታወቅ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች የዋልካ መሬት እርሻን ሲያጠኑ ይህን ልማድ እዚሁ አግኝተው መዝግበውታል፤ ያንኑ መደብ በበሬ የሚሠራ መሣሪያም ከተለመደው ማረሻ አሻሽለው ሠርተዋል። ለስንዴ የሆነው ለዛፍም ይሆናል። ችግኙ ከመሬት በላይ በተቆለለ አፈር ላይ ይተከል፤ አፈሩ አመድና የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት፤ ዙሪያውን ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይውጣለት። በበጋ ደግሞ የላይኛው አፈር በዶማ ጫር ጫር ይደረግ፣ ስንጥቁ እንዳይሰፋ።

የዛፉ ዓይነት ላይም መሳሳት ቀላል ነው። ለመኖ ተብለው ከሚታደሉት መካከል ሳስባኒያ ውሃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ውርጭ ግን ይጎዳዋል፤ ትሪ ሉሰርን ውርጩን ይችላል፣ ውሃ የተኛበትን አይችልም። ቀይ ባሕር ዛፍ ከነጩ ይልቅ ዋልካን ይታገሣል። ግራር ለዋልካ ባዳ አይደለም። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ውሃ የሚያሳልፍ ተዳፋት ይወዳሉ፤ ከፍ ተደርጎ ከተሠራላቸው ግን ግቢ ውስጥ ይበቅላሉ፣ ለትዕግሥተኛ ሰው።

ከሁሉ የሚጠቅሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዛፍ ተብለው የማይቆጠሩት የጓሮ ተክሎች ናቸው። ጠላ ልትጠምቅ የተነሳች ባለሙያ የምታደርገውን ማየት ይበቃል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፤ ቅጠሉ ሲፈተግ አረንጓዴ አረፋ ያወጣል፣ መራራ ሽታው ግቢውን ይሞላል። ጋኑ ሲደርቅ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ከዚያ ጌሾው ይመጣል። ግራዋ፣ ወይራና ጌሾ ያለበት ጓሮ ከገበያው የሚገዛው ብቅሉን ብቻ ነው፤ የተረፈውን ጌሾ ደግሞ ይሸጣል። ግራዋው ሲያብብ ንብ ይመጣል። ማለዳ ጥርስ የሚፋቀውም በዚያው ወይራ ነው።

እዚህ ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ዋልካ የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር ስለሆነ ቤቱ ጥግ የቆመ ትልቅ ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ስቦ መሬቱን በአንድ ወገን ያሰምጠዋል። ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ይሰነጠቃል። በ1976 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከባድ ድርቅ በመታት ጊዜ የሸክላ አፈር ላይ ባሉ ከተሞች በርካታ ቤቶች እንዲህ ተሰንጥቀው የመድን ድርጅቶች በካሣ ጥያቄ ተጥለቅልቀዋል። የሚመከረው፣ ዛፉ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ያህል ከግድግዳ ማራቅ ነው። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ይህ ማለት ባሕር ዛፍ አይሆንም፣ ጌሾና ግራዋ ይሆናል ማለት ነው። ረጃጅሞቹ ለመንገድ ዳር፣ ለትምህርት ቤት ግቢና ለከተማው ዳርቻ ይቀመጡ።

ዛፍ ለዓይን የሚሰጠው ነገርም በቁጥር ተለክቷል። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ቀድመው ወጡ፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴሲል ኮናይነንዳይክ የተባለ የከተማ ደን ምሁር ለማስታወስ የሚቀል መለኪያ አቀረበ፤ ከእያንዳንዱ ቤት 3 ዛፍ ይታይ፣ ከሰፈሩ 30 በመቶው በዛፍ ቅጠል ይሸፈን፣ አረንጓዴ ቦታ ከቤት ከ300 ሜትር አይራቅ። ለእነዋሪ 30 በመቶው ሩቅ ነው። 300 ሜትሩን ለብዙ ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊያሟላው ይችላል። 3ቱ ግን በማንም እጅ ናቸው።

የቀረው የጥበቃ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ መትከል የክረምት ልማድ ሆኗል። የዛፍ ዕድል የሚለየው ግን በሐምሌ ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የቆየው ባለቤቱ ታቦቱ ስለሆነ፣ ቅጥርም ስላለው ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሜግ ሎውማን ጋር ሆነው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙት ከብት ሳይገባ ሲቀር ከሥር ያለው ዘር በራሱ ስለሚበቅል ነው። የጓሮ ዛፍም እንዲሁ ባለቤት አለው። የሚሞተው የመንገድ ዳሩ ነው፤ ተካዩ ብዙ ነው፣ ጠባቂ ግን የለውም። ለእኔ የሚታየኝ መፍትሔ ችግኙን ፊት ለፊቱ በሩ ላለው ቤት በስም መስጠት ነው፤ ቤቱ እሾህ ያጥርለታል፣ በበጋ ውሃ ያጠጣዋል፤ ሲያድግ ምልምሉና ጭራሮው የዚያ ቤት ይሆናል፣ ግንዱ ግን ያለ ሰፈሩ ፈቃድ አይቆረጥም። እንዲህ ያለውን ስምምነት ማዘጋጃ ቤቱን ሳይጠብቅ እድሩም ሊጽፈው ይችላል።