የሰባኪው የቤት ፈተና

ምክርን ለሌላ ሰው መስጠት ቀላል፤ በገዛ ራስ ላይ መፈጸም ግን እጅግ ከባድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይህንንም በግልጥ ከሚያሳዩት ድርሰቶች አንዱ፤ የኢጣልያው የዜማ ሊቅ ጁሴፔ ቬርዲ የደረሰው ስቲፌሊዮ የሚባለው ኦፔራ ነው። ኦፔራ ማለት ተጫዋቾቹ ነገሩን በዜማ እየተናገሩ የሚያሳዩት ቴአትር ነው። የዚህንም ቃሉን ፍራንቼስኮ ማሪያ ፒያቬ ጽፎት፤ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. በትሪየስቴ ከተማ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ስቲፌሊዮ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነው። ከመንገድ በተመለሰ ጊዜ፤ አንድ ጎልማሳ ከግንቡ መስኮት ዘሎ ሲያመልጥ የጣለው የደብዳቤ ቦርሳ ደረሰው። እርሱም የሰው ኃጢአት አልገልጥም ብሎ ደብዳቤዎቹን ሳያነብ በእሳት አቃጠላቸው። ነገር ግን በደለኛይቱ የገዛ ሚስቱ ሊና፤ አሳሳቿም ራፋኤሌ የሚባል የመኳንንት ልጅ መሆኑን ገና አላወቀም ነበር።

እውነቱን በተረዳ ጊዜ፤ ያ ይቅር ባይ ሰባኪ ደም ለማፍሰስ ሰይፍ አነሣ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሕዝቡን መዝሙር በሰማ ጊዜ ግን እጁን ገታ። ቆይቶም የፍቺ ወረቀት አቀረበላት፤ እርሷም ፈረመች። ከፈረመችም በኋላ፤ ከእንግዲህ ባሌ አይደለህምና እንደ ካህን ኑዛዜዬን ስማኝ ብላ ለመነችው፤ ተታልላ ወደቀች እንጂ እርሱን መውደድ እንዳልተወች ነገረችው። አባቷ ስታንካር ግን ስለ ቤቱ ክብር ራፋኤሌን ገደለው።

በመጨረሻ ስቲፌሊዮ በጉባኤው ፊት ወንጌልን ቢገልጥ፤ በዮሐንስ ምዕራፍ 8 ያለው፤ ስታመነዝር የተያዘችው ሴት ታሪክ ወጣለት። ሊናም ከሕዝቡ መካከል ነበረች። ያን ጊዜ ይቅርታውን በሁሉ ፊት አወጀ።

የሳንሱር ሹማምንት ግን ቅዱስ ነገር በመድረክ መታየቱን ስላልወደዱ ድርሰቱን አስለወጡት፤ ቬርዲም በ1857 ከዜማው የሚበዛውን አሮልዶ ለሚባል ለሌላ ታሪክ አዋለው። ስቲፌሊዮም ብዙ ዘመን ተረስቶ በ1968 በፓርማ እንደ ገና ታየ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ደብዳቤውን ሲያቃጥል የሰጠው ይቅርታ ምንም አላስከፈለውም፤ ሁለተኛው ግን ክብሩንና ቍጣውን አስከፈለው። ሊና ወደ ቤቷ ትመለስ እንደ ሆነ ድርሰቱ አይናገርም፤ የሚያስተምረን ግን፤ ይቅርታ የሚመዘነው በሰው ቤት ሳይሆን በገዛ ቤት መሆኑን ነው።