አኮማታሪውም አላዪውም ካልሲየም

የደም ግፊታችን ከፍና ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ነው። ግድግዳቸው በለስላሳ ጡንቻ የተጠቀለለ ነው፤ ጡንቻው ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። አንጀትን፣ ፊኛንና ማሕፀንን የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራ ጡንቻ ነው። ኩምትርም በል ላላም የሚለው ዋናው አዛዥ ካልሲየም ነው።

ሴሉ ሲያርፍ ውጭ ያለው ነፃ ካልሲየም ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሴሉ ሽፋን ላይ ኤል-ታይፕ የሚባሉ የካልሲየም ቻናሎች አሉ። የሽፋኑ ቮልቴጅ ከወትሮው ኔጌቲቭነቱ ቀነስ ሲል ይከፈታሉ፤ ካልሲየሙም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። የገባው ካልሲየም ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ኤንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ማዮሲን አክቲንን ይስባል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ካልሲየሙ የገባበትን በርም መልሶ ይዘጋል፤ ቻናሉ ላይ የተለጠፈ ካልሞዱሊን መብዛቱን አይቶ ፍሰቱን ይገታዋል።

ነገሩ የሚደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1986 ቤንሃምና ቦልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በጥንቸል ለስላሳ ጡንቻ ሴሎች ላይ ማንም ሳይነካቸው ብቅ ጥልቅ የሚሉ፣ ወደ ውጭ የሚፈሱ አጫጭር የኤሌክትሪክ ጅረቶችን መዘገቡ። ምንጫቸው ጎልቶ የታየው በ1995 ነው። ማርክ ኔልሰንና ባልደረቦቹ የአንጎል ደም ቅዳ ሴሎችን ካልሲየም ሲያገኝ በሚያበራ ቀለም ሞልተው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ከሽፋኑ ሥር አንዲት ነጥብ ቦግ ብላ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጠፋለች፤ ቆይታ ሌላዋ ቦግ ትላለች። ብልጭታው ሴሉ ካልሲየም ከሚያከማችበት ቋት የሚያመልጥ ካልሲየም ነው። ብልጭ ባለበት ቦታ ክምችቱ እጅግ ያሻቅባል፤ የመላው ሴል አማካይ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጡንቻውን ለማኮማተር አይበቃም። አጠገቡ ላሉት ቢኬ ለሚባሉ ትልልቅ የፖታሲየም ቻናሎች ግን ይተርፋል። እነሱ ሲከፈቱ ፖታሲየም ይወጣል፤ የሴሉ ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ የኤል-ታይፕ በሮች ይዘጋሉ፤ ጡንቻውም ይላላል። ብልጭታውን በመድኃኒት ሲያጠፉት፣ ወይም ቢኬን ከጊንጥ መርዝ በተገኘው አይቤሪዮቶክሲን ሲዘጉት፣ ደም ቅዳው ጠበበ።

እንግዲህ የካልሲየምን ትእዛዝ የሚወስነው ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ጭምር ነው። በካልሲየም የሚከፈቱ የክሎራይድ ቻናሎችም አሉ፤ እነዚህ ወደ ተቃራኒው ይገፋሉ፤ ክሎራይድ ሲወጣ የሴሉ ኔጌቲቭነት ይቀንስና ጡንቻው ወደ መኮማተር ያዘነብላል።

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ወግ ብቻ አይደለም። በ2000 ቢኬ ካልሲየምን በቀላሉ እንዲሰማ የሚያግዘው ቤታ-1 የተባለ ክፍል ከአይጦች ሲወገድ፣ ብልጭታው ሳይቋረጥ ሰሚ አጣ፤ የአይጦቹም የደም ግፊት ጨመረ። በየመድኃኒት ቤቱ የምናውቀው አምሎዲፒንም የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው፤ የኤል-ታይፕን በር ይይዛል፣ ደም ቅዳው ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንድ ታካሚዎች ቁርጭምጭሚታቸው የሚያብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች የሰፉትን ያህል ደም መልሶቹ ስለማይሰፉ በመካከላቸው ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል።