ፊደሉ ስለ ምን አነሰ?

አዲስ ላፕቶፕ ያገኘ ተማሪ ደስታው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም። ፎቶግራፉ ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ የካርታ ወይም የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሲከፍት ግን ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ አንሶ፣ አይከን የምንላቸውም ምልክቶች አንዱ ከሌላው የማይለዩ ሆነው ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ አንዱ ዓይኑን ይጠረጥራል፤ ሌላው ዕቃውን ያማርራል፤ ሦስተኛው አንገቱን አስግጎ እስከ እኩለ ሌሊት ይታገላል። ጥፋቱ ግን የዓይንም የስክሪንም አይደለም፤ የመለኪያ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው። የቀድሞ ፕሮግራም ሠሪዎች አንድ አይከን ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን ብለው አልወሰኑም፤ ጎኑ 16 ነጥብ ይሁን ብለው ወሰኑ እንጂ። ዊንዶውስም አንድ ኢንች 96 ነጥብ እንዳለው አድርጎ ይቆጥር ነበር። ስክሪኖች ሁሉ ከዚህ ቁጥር እምብዛም ባልራቁበት ዘመን ይህ አሠራር ማንንም አልጎዳም።

ዛሬ ግን ሁለት ላፕቶፖችን እናወዳድር፤ የሁለቱም ስክሪን 15.6 ኢንች ይሁን። የአንደኛው 1366 በ768 ነጥብ ቢሆን በአንድ ኢንች 100 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል። የሁለተኛው 3840 በ2160 ቢሆን በአንድ ኢንች 282 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ያው ባለ 16 ነጥብ አይከን በመጀመሪያው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ፣ በሁለተኛው ላይ 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በክንድ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ ክንዱ ያጠረ እንደ ሆነ ጨርቁም እንደሚያጥር ማለት ነው።

ይህ ችግር በዓለም ሁሉ ያለ ቢሆንም የእኛን ፊደል ይበልጥ ይጎዳል። በላቲን ጽሕፈት አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። በእኛ ግን አናባቢው የሚታወቀው በአንዲት እግር መርዘም ወይም በአንዲት ቀለበት ነው። «ደ» እና «ዳ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ርዝመት ብቻ ነው። የሁለቱ ከተሞቻችን የደባርቅና የዳባት ስም እንኳ በዚህችው የእግር ልዩነት ይጀምራል። ፊደሉ ወደ ሲሶው ሲያንስ ይህች ልዩነት ከዓይን ትጠፋለች።

ታዲያ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ በደባርቅ ዋና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለ እርሱ ካርታ የሚሠራ ተማሪ የመንደሮችን ስም በፊደል ያስገባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. በዳባት ያቋቋመው የምርምር ማዕከልም የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ኖሯል። በእንዲህ ያለ ካርታ ወይም መዝገብ ላይ የአንድ መንደር ወይም የአንድ ሰው ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ከገባ በኋላ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ይቸግራል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ብዙዎች የሚያደርጉትን ማለትም ሬዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግን አልመክርም። ከ3840 በ2160 ወደ 1920 በ1080 መውረድ ከአራቱ ነጥብ ሦስቱን መጣል ነው፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ጥራቱ ግን ይጠፋል። ይልቅስ የሚከተለውን ማድረግ ይሻላል።

አንደኛ፤ በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎም ዲስፕሌይ የሚለውን ከፍቶ ስኬል የሚባለውን ወደ 200 ወይም 250 በመቶ ማሳደግ ነው። ነጥቦቹ አንድም ሳይጎድሉ ጽሑፉም አይከኑም አብረው ይሰፋሉ።

ሁለተኛ፤ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች «መጠኑን ራሴ አስተካክላለሁ» ብለው ለዊንዶውስ ይነግሩና ሳያስተካክሉ ይቀራሉ። ለእነዚህ በፕሮግራሙ አይከን ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያም ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ የሚለውን መክፈት ነው። ከታች ካሉት ምርጫዎች «ሲስተም» የሚለው ሁሉንም ያሰፋል፣ ነገር ግን ጥቂት ያደበዝዛል፤ «ሲስተም ኤንሃንስድ» የሚለው ደግሞ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ፊደሉን አጥርቶ ያሰፋል። ሁለቱንም ሞክሮ የተሻለውን መያዝ ነው።

ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ የራሱ ማስተካከያ እንዳለው መመልከት ይገባል። ለምሳሌ ያህል ካርታ የምንሠራበት ኪውጂአይኤስ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽንስ በሚለው ሥር፣ የፊደሉንና የአይከኑን መጠን ለየብቻ ያስመርጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጽሑፉ አሁንም የሚጨፈገግበት ተማሪ ካለ፣ ያን ጊዜ የዓይን ሐኪም ማየቱ ተገቢ ነው። አስቀድሞ ግን ፊደሉን ያስፋ።

ነገ ፕሮግራም የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ልብ በሉ። አይከናችሁን በተቆጠረ ነጥብ አትሠሩት፤ ቢሰፋ በማይደበዝዘው በኤስቪጂ ሣሉት። መጠኑንም ተጠቃሚው ከመረጠው ስኬል ጋር እንዲያድግ አድርጉት። ሥራችሁንም ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በግእዝ ፊደል ፈትኑት፤ በትንሹ ጽሑፍ «ደ»ን ከ«ዳ» መለየት ከተቻለ ሌላውን ለማንበብ አያዳግትም።