አጭር ተጎታች ይቀላል ወይስ ረጅም?

የቤት ዕቃ ለማጓጓዝ ወይም ለድግስ ድንኳንና ወንበር ለማመላለስ ተጎታች የሚከራዩ ቤተሰቦች አሉ። በአትክልት ሥራና በጥገና የሚቀጠሩ ልጆቻችንም ተጎታች እንዲነዱ ይታዘዛሉ። ብዙዎቻችን «አጭሩ ይቀላል» ብለን እናስባለን። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

ዋናው መለኪያ ከመኪናው መንጠቆ እስከ ተጎታቹ ጎማ ያለው ርቀት ነው።

ወደ ፊት ሲታጠፉ፦ ረጅሙ ጥግ ይቆርጣል። መንጠቆው ከክቡ መሃል 5 ሜትር ርቆ እየዞረ ነው እንበል። ርቀቱ 3 ሜትር የሆነ ተጎታች 1 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ 4 ሜትር የሆነው ግን 2 ሜትር ይገባል። ስለዚህ ረጅም የሚጎትት ሰው ሰፋ አድርጎ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል፣ የቆመ መኪናም ይፍቃል።

ወደ ኋላ ሲመለሱ፦ እዚህ ላይ የሚያስቸግረው አጭሩ ነው። መሪው ትንሽ ሲዞር ወዲያው ይታጠፋል፤ ሾፌሩ በስፖኪዮ እስኪያየው ድረስ ከመኪናው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ረጅሙ ቀስ ብሎ ስለሚታጠፍ ለማረም ጊዜ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ለሁለቱም የሚሠራ ዘዴ አለ። እጅን በመሪው ታችኛ ክፍል ላይ ያድርጉ፤ የተጎታቹ ኋላ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጉ እጅዎን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነም ወደ ግራ ያንቀሳቅሱ። መታጠፍ ከበዛበት አይታገሉ፤ ወደ ፊት ነድተው ያቃኑትና እንደገና ይጀምሩ።

ጭነቱ ከኋላ እንዳይከብድ ይጠንቀቁ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከጎማው ፊት ይሁን። ኋላው የከበደ ተጎታች በፈጣን መንገድ ላይ ይወዛወዛል፤ አጭሩ ደግሞ ይብሳል። ከተወዛወዘ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍሬን በድንገት አይርገጡ።

ከመከራየትዎ በፊት መኪናው ስንት ኪሎ መጎተት እንደተፈቀደለት፣ የመንጃ ፈቃድዎና ኢንሹራንሱም ተጎታቹን ይሸፍኑ እንደሆነ ያረጋግጡ። ልጅዎ ለሥራ ከታዘዘም ባዶ ሜዳ ላይ እንዲለማመድ አሠሪውን ይጠይቅ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

ከሁሉም በላይ፣ ከተጎታቹ ኋላ የቆመ ሕፃን ለሾፌሩ አይታየውም። ወደ ኋላ ከመነዳቱ በፊት አንድ አዋቂ ወርዶ ከጎን፣ በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም፤ ልጆችንም ያርቅ። ሾፌሩም ያ ሰው ከዓይኑ ከጠፋ ወዲያው ያቁም።