ብሩሹ በመታጠፊያ ላይ ለምን ይሸበሸባል?

በቬክተር ሥዕል የራስን ብሩሽ መሥራት ቀላል ነው፤ በኢንክስኬፕ አንድ ቅርጽ ስሎ ኮፒ ማድረግ፣ ከዚያም በእርሳሱ መሣሪያ የቅርጽ ዝርዝር ውስጥ «ከክሊፕቦርድ» የሚለውን መርጦ መስመር ማስመር ይበቃል። ጥያቄው የሚነሳው ብሩሹ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲሸበሸብ ነው። እኔም ለክፍል ትምህርት ሞገድ ስስል ጥፋቱ የፕሮግራሙ መስሎኝ አንድ ምሽት አባክኛለሁ።

ፕሮግራሙ የቅርጹን ርዝመት በኩርባው ላይ ይዘረጋዋል፤ ስፋቱን ደግሞ ከኩርባው በ90 ዲግሪ ግራና ቀኝ ያወጣዋል። እንግዲህ 8 ሚሊሜትር የሚሰፋ ብሩሽ ወደ ውስጥ 4 ሚሊሜትር ይገባል። መታጠፊያው 3 ሚሊሜትር ሬድየስ ያለው ቅስት ከሆነ ግን የውስጡ ጠርዝ የክቡን ማዕከል በ1 ሚሊሜትር ያልፈዋል፤ ቅርጹም በራሱ ላይ ይታጠፋል። አጉልቶ ማተም አይረዳም፤ ሬድየሱና ስፋቱ እኩል ያድጋሉና። መድኃኒቱ የብሩሹን ስፋት ከ6 ሚሊሜትር በታች ማድረግ ወይም የመታጠፊያውን ሬድየስ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ማሳደግ ነው።