የዐረብን ፖለቲካ ማጥናት፦ ቋንቋ፣ ታሪክ እና ኃላፊነት



የዛሬው ንግግሬ የዐረቡን ዓለም ፖለቲካና የቀጣናችንን ደኅንነት ማጥናትን ሙያው ለማድረግ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ምን ሊይዝ እንደሚገባው ይመለከታል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ዐረብኛ የግድ ነውን?» ይሉኛል። መልሴን በምሳሌ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በዶሃ የተሰበሰቡት የዐረብ ሊግ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የግብፅና የሱዳን የውኃ ደኅንነት የዐረብ ብሔራዊ ደኅንነት አካል መሆኑን አስታወቁ። «ብሔራዊ ደኅንነት» ብለን የምንተረጉመው «አል-አምን አል-ቀውሚ» የሚለውን ሐረግ ነው። «አምን» ከእኛው «አማን» ጋር አንድ ሥር ስላለው አያስቸግረንም። የሚያስቸግረው «ቀውሚ» ነው። በዐረብ ብሔርተኞች አነጋገር ቃሉ መላውን የዐረብ ሕዝብ ያመለክታል፤ ለአንድ አገር የሚስማማው «ወጠኒ» ነው። ካይሮ ግን ስለ ራሷ ደኅንነት ስትናገርም «ቀውሚ» ትላለች። በዚህም የአንድ መንግሥት ጥቅምና የ22 አባላት ጉዳይ በአንድ ቃል ይነገራሉ። ትርጉሙን ብቻ ያነበበ ሰው መደራረቡን ስለማያይ፣ አባላቱ ሁሉ በእኩል ጽናት የቆሙ ይመስለዋል። ነገር ግን ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ሶማሊያና ጅቡቲም የሊጉ አባላት ናቸው፤ የየራሳቸውም ስሌት አላቸው። የጋራውን መግለጫ ከየአገሩ ስሌት መለየት የአጥኚው ተቀዳሚ ሥራ ነው።

ከቋንቋ ቀጥሎ ታሪክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፉት ሁሴን አሕመድ የታሪክ ምሁር እንጂ የፖለቲካ ተንታኝ አልነበሩም፤ ሆኖም ለእኛ መስክ መንገድ ጠርገዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለ ነበረው እስልምና በ2001 ያሳተሙት መጽሐፍ በአገር ውስጥ የተጻፉ የዐረብኛ ጽሑፎችን ከቃል ትውፊት ጋር ያገናዘበ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ስለ ኖሩ የመናውያንም ከደሴ ማዘጋጃ ቤት መዛግብት ተነሥተው ጽፈዋል። ከሥራቸው እንደምንረዳው ዐረብኛ የእኛም የጽሕፈት ቋንቋ ነው፤ የግንኙነታችን ማስረጃም በካይሮና በሪያድ ብቻ ሳይሆን በክፍለ ሀገር ማዘጋጃ ቤት መደርደሪያም ይገኛል።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ነገሩ ድንገተኛ መሰለን። ዳሩ ግን ሥራን ለዜጎቿ ለማስፋት «ኒጣቃት» የተባለውን መርሐ ግብር ይፋ ያደረገችው በ2011 ነበር፤ የምሕረት ጊዜውም በ2013 ለወራት ታውጆ ነበር። ምልክቱ በአደባባይ ታትሟል። ይህን በጊዜው አንብቦ የሚያስረዳ ምሁር ከጉለሌም ሆነ ከወሎ ልጇን ወደ ሪያድ ለምትልክ እናት የሚሰጠው ጥቅም ከማንኛውም የኮንፈረንስ ጽሑፍ አያንስም።

ስለዚህ ይህን ሙያ የምትሹ ቋንቋውን ለማስተርስ አታቆዩት፤ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሩ፤ በሁለት ዓመት አይደረስበትምና። የትምህርት ክፍሎቻችንም ለቋንቋ የሚውለውን ዘመን እንደ ባከነ ጊዜ ሳይሆን እንደ ምርምር ሊቆጥሩት ይገባል።